ፍሬን ነው በያቸው

ማዕዶትን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የገዛ ድምፅዋ ነው። ከጓዳ በኩል፣ በተከፈተ የቧንቧ ውሃ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይመጣል። «አሁን መኪናው ውስጥ ነኝ» ይላል። «ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መስኮቱ ተከፍቷል። ከሴቻ ወደ ሲቀላ እየወረድን ነው። ጋሼ በአንድ እጁ መሪውን ይዟል፣ በሌላው ስልኩን። አንድ ቪዲዮ እያየ ይስቃል...» እዚህ ላይ ተቋረጠና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ማዕዶት እጇን ትራሷ ሥር ሰደደች፤ ስልኳ የለም። ልትነሳ ሞከረችና ተወችው። ተነስታስ ምን ልትል ነው? ጋሼ የምትለው የእህቷ ባል ነው፣ የምታዳምጠው እህቷ ናት፣ የተኛችበትም ፍራሽ የእህቷ ነው። ዓይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች። ባልዲው ሞልቶ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ሲንዠቀዠቅ ትሰማለች፤ የሚዘጋው ሰው ግን አልነበረም።

ቤቱ ከከተማዋ ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ከሶፋው ጀርባ በመጋረጃ ከልለው ለእሷ ፍራሽ ያነጠፉላት ከሆስፒታል የወጣች ቀን ነበር፤ «እስክትድኚ» ተብሎ። ከዚያ በፊት የምትሠራበት ሆቴል አጠገብ የራሷ የኪራይ ክፍል ነበራት፤ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ቆማ የምትውል፣ ለሁሉም ፈገግ የምትል፣ ከሥራ ስትወጣ ጓደኞቿን ይዛ አሳ ለመብላት የምትወርድ ልጅ ነበረች። አሁን ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞታል፣ ጠረጴዛውንም እንደዚያው። ከመጋረጃው ወዲያ የእህቷ ልጆች ቁርስ ሲበሉ የማንኪያቸውን ድምፅ ታዳምጣለች። ጎረቤት ሲመጣም ያው ነው፤ ስለ ሙዝ ዋጋ ይወራል፣ ስለ መብራት መጥፋት ይወራል፣ ከዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «እሷስ?» ይባላል። «ይመስገን፣ አጥንቷ ገጥሟል» ትላለች እህቷ ማህደር። «ስልኳ ላይ ተጥዳ መዋል ሆነ እንጂ ሥራዋ።» መጋረጃው ስስ ጨርቅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

አደጋው የደረሰው ከፋሲካ በፊት ነው። የማህደር ባል ጌዲዮን ከሴቻ ሲቀላ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ማዕዶት በዕረፍት ቀኗ ገበያ ልትወርድ ጋቢና ገባች። ቁልቁለቱ መጠምዘዣ ላይ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ተገለበጠ። የእሷ ጭን ተሰበረ፣ ብረት ገባበት። ከኋላ የነበረ አንድ የጫኖ ሙዝ አምራች ክንዱ እስከወዲያኛው ሰለለ። የቀሩት ተሳፋሪዎች በጭረት አመለጡ። ጌዲዮን ግንባሩን ብቻ ተፈነከተ፤ በመስኮት ጎትቶ ያወጣት፣ አዝሎ አስፋልቱ ድረስ የሮጠው፣ ሆስፒታል ሳለችም ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ያደረው እሱ ነው። ይህን ሁሉ አድርጓል። ስለዚያች ቪዲዮ ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እሷም አላነሳችበትም። ፖሊስ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ሊጠይቃት ሲል «ምንም አታስታውስም» ብላ የመለሰችው ማህደር ናት። ማዕዶት ያኔ በመርፌ ደንዝዛ ነበር፤ ግን ሰምታለች።

ስልኳ ላይ ያለውን ነገር የጫነችላት ልክነሽ የምትባል የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነች። አንድ ቀን ቤት ድረስ መጥታ እግሯን እያለማመደቻት ሳለ ውጭ አንድ አይሱዙ በኃይል ፍሬን ያዘ። ማዕዶት ሳታውቀው ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ክንዷን ራሷ ላይ አድርጋ ነበር። ልክነሽ አልሳቀችም፣ አልጮኸችም፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንቅልፍ እንዴት ነው አለቻት፣ ሕልምስ፣ መኪና ትገቢያለሽ ወይ አለቻት። «ይኼ እብደት አይደለም» አለች። «ሰውነትሽ አደጋው ያለፈ አልመሰለውም። የአእምሮ ሐኪም ወረፋው ይቆያል፤ እስኪደርስሽ በዚህ ትለማመጃለሽ።» በአማርኛ የተሠራ አፕ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት አንዲት ረጋ ያለች ሴት «እንደምን አደሩ? እንቅልፍዎ እንዴት ነበር?» ትላለች። ማዕዶት በመጀመሪያው ቀን ይህን ጥያቄ ሰምታ አለቀሰች፤ ከዚያ ቤት ሰዎች እንቅልፏን የጠየቃት አልነበረም፣ በ«እርስዎ» ያናገራትማ ጭራሽ። አተነፋፈስ ያስተምራል፣ የቆመ መኪና ውስጥ ከመቀመጥ የሚጀምር የደረጃ ልምምድ አለው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የደረሰብዎትን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርገው በድምፅዎ ይቅረጹ፣ ደግመው ደጋግመው ያዳምጡ የሚለው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ማህደር ገበያ ስትወጣ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትናገራለች። መጀመሪያ «መስኮቱ ተከፍቷል» ከሚለው ማለፍ አልቻለችም ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ትደርሳለች። የቆመ መኪና ውስጥም አንዴ ገብታ ተቀምጣለች፤ በሩን ሳትዘጋ።

ውሃው ተዘጋ። ማህደር መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ማዕዶት ግን ለማን እንደተለቀሰ ልታውቅ አልቻለችም።

«ይኼ ምንድን ነው ማዕዲ?»

«ልምምድ ነው እትዬ። ልክነሽ ያለችኝ ነው።»

«ስሙ አለበት እኮ! ጋሼ እያልሽ... ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ልጆቹ ቢከፍቱትስ? ኑሃሚን አባቷን እንዲህ ብትሰማ?» ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ልመና ነው ያለው፤ ለማዕዶት የከበዳትም እሱ ነው። «ዛሬ ፖሊስ ጋ ቃል ስጪ ተብለሻል። ትናንት ማታ ልነግርሽ ፈልጌ ተኝተሽ ነበር። ጌዲ ራሱ ይወስድሻል። ፍሬን ነው በያቸው፤ በቃ፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ፍሬን እንቢ አለው፣ አንቺም ሌላውን አታስታውሺም። ከታሰረ እኮ እኛ አለቅን። አንቺንስ ማን ያስታምምሻል?»

ማህደር ስልኩን ወደ እሷ አዞረች፣ የሚያጠፋውን ምልክት በአውራ ጣቷ አሳየቻት፤ ራሷ ልትነካው አልፈለገችም። ማዕዶት ነካችው። «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀ፤ ይጥፋ አለች። እህቷ ግንባሯን ስማ ተነሳች፤ ጥቂት ቆይታም የሺፈራው ቅጠል የበዛበት ትኩስ የበቆሎ ኩርኩፋ በሳህን ይዛላት መጣች። ከሌላው ቀን የሚበልጥ ሳህን ነበር። ማዕዶት በልታ እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።

ጌዲዮን በዋስ ከወጣ ወዲህ የጓደኛውን ቪትዝ እየተዋሰ ነው የሚሠራው። መኪናዋን በሩ ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ማዕዶት በባጃጅ ልሂድ ልትል አስባ ነበር፤ ባጃጅም የሚወርደው በዚያው መንገድ ነው። ከአደጋው ወዲህ፣ ከሆስፒታል ካመጧት ቀን በቀር፣ ያንን መንገድ አይታው አታውቅም፤ ያኔም መርፌ ወግተዋት ነበር። የሚኖሩባት ከተማ ግማሽዋ ለእሷ የለችም፤ ገበያውም፣ አሳ ቤቶቹም፣ የምታውቃቸው ሰዎችም ከቁልቁለቱ ማዶ ናቸው። ጌዲዮን ምርኩዟን ከኋላ ወንበር አኖረላት፣ እግሯን በሁለት እጁ አንስቶ እንዳይጋጭ አድርጎ አስገባላት፣ ቀበቶዋንም ራሱ አሰረ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሲዘጋ የሰማችው ድምፅ ትንሽ ነበር።

የዞኑን መሥሪያ ቤቶች እስኪያልፉ ድረስ ደህና ነበረች። አስፋልቱ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ፣ ከዛፎቹ በላይ የአባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ ድንገት ሲገለጥ፣ እጆቿ መደንዘዝ ጀመሩ። ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አፑን ከፈተች። «እዚህ ነዎት፤ አሁን ነዎት» አለች ሴትየዋ። «በዙሪያዎ የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች ስም ይጥሩ።» ማዕዶት ፈለገች። የጌዲዮን እጅ መሪው ላይ። የጌዲዮን ስልክ፣ መሪው አጠገብ ተሰክቶ። መጠምዘዣው። አስፋልቱ ዳር የተቀመጠ ዝንጀሮ። ገደሉ። «በጣም ጥሩ» አለች ሴትየዋ። «እግርዎ መሬት ሲነካ ይሰማዎት።» የማዕዶት ግራ እግር ከጉልበቷ በታች ሳይሰማት ወራት አልፈዋል።

«አየሽ ማዕዲ» አለ ጌዲዮን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፤ «ፍሬን ማለት በራሱ ጊዜ የሚበላሽ ነገር ነው። ማንንም አይጎዳም። የሆነው ሆኖ አልፏል፤ እኔና አንቺ ተርፈናል። አይደል?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ አየር አልገባም። የተገለበጡበት ቦታ ላይ የተሰባበረው የመንገድ ዳር ድንጋይ በአዲስ ተተክቷል፣ ኖራ ተቀብቷል። ደረቷ ላይ የሆነ ሰው የቆመ መሰላት። አፑ ላይ ቀይ ክብ አለ፤ በጣም ሲብስ የሚነኩት። ነካችው። ስልኩ ሲደውል ነው ያስታወሰችው፤ በመጀመሪያው ቀን ልክነሽ አጠገቧ ተቀምጣ «የሚያምኑትን ሰው ቁጥር ያስገቡ» የሚል ሲመጣ ማንን ላድርግ ብላ ሳታመነታ የሞላችው የእህቷን ቁጥር ነበር።

«ደረሳችሁ?» አለች ማህደር በጆሮዋ ውስጥ። «ሃሎ? ማዕዲ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትተነፍሺው? አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እህት። አትፍሪ፣ አጭር ነው። ፍሬን ነው በያቸው፤ እሺ? ሌላ አትጨምሪ። እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች ማዕዶት።

ጌዲዮን መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። ላብ ፊቷን እንዳጠበው አይቶ የራሱን መሀረብ ሰጣት፣ መስኮቷን አወረደላት፣ እስኪበርድላት ድረስ ጠበቃት። ከሥራቸው የደኑ አናት ይታያል፤ ነፋስ ከሐይቁ በኩል ይነፍሳል። ልውረድ ልትለው ፈለገች። ግን ወርዳ የት ትሄዳለች? ወደ ላይ ከወጣች የማህደር ቤት ነው፤ ወደ ታች ከወረደች ፖሊስ ጣቢያው። በምርኩዝ ለምትሄድ ሰው ሁለቱም እኩል ሩቅ ናቸው። «እንሂድ ጋሼ» አለች።

ሲቀላ ሞቃት ነበር። ጌዲዮን ከግቢው ውጭ ቀረ፤ አብሮ መግባት አይፈቀድም ተባለ። ማዕዶት ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተራ ስትጠብቅ፣ አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ከአንገቱ ታስሯል። የሚያውቃት መሰለ። «ሳሮ» አላት፣ በጋሞኛ፤ ሰላም ነሽ ማለቱ ነው። ከዚያ በሰፈሩ ሰው አማርኛ፣ ወንዴና ሴቴው በሚደባለቅበት፣ «ልጄ፣ አንቺ ፊት የነበርከው አይደለህም? ኤርጫፎ ነኝ፤ ከኋላሽ ነበርኩ» አለ። አፍራ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን እግሯን ነበር የሚያየው። «እግርህ ያማል? ማታ ማታ ያማል ወይ?»

«ያማል አባባ።»

«እንቅልፍስ?»

ቀና ብላ አየችው። «የለም» አለች።

«እኔም የለም» አለ ኤርጫፎ። «ጎማው ሲጮህ እሰማለሁ። ሚስቴ ውሃ ታመጣልኛለች፤ እጠጣለሁ፤ እንደገና ይጮሃል። ለሰው ብነግር ይስቃል፤ ሽማግሌ ጎማ ፈራ ይላል።» እሱ ራሱ ትንሽ ሳቀ። ሙዙን አሁን ወንድሙ እንደሚቆርጥለት፣ በግራ እጅ ገጀራ መያዝ እየለመደ እንደሆነ አወራት። ከሹፌሩ ጋር ቂም እንደሌለው ነገራት። «ፍሬን ነው ብሏል፤ ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የዚያ መካኒክ ነው። ናትናኤል። በዚያው ሰሞን ፍሬኑን የሠራ እሱ ነው አሉ። ትናንት አሰሩት። ሚስቱ እዚህ ስታለቅስ ነበር። እንዲህ ሰው የሚገድል ሥራ ይሠራል?»

ማዕዶት ስለ መካኒኩ ሰምታ አታውቅም። በቤት ውስጥ ፍሬን ሲባል የሰማችው እንደ ዝናብ፣ እንደ በሽታ ነበር፤ ማንንም የማይነካ ነገር። ይህ ፍሬን ስም እንዳለው፣ ሚስት እንዳለችው አላሰበችም። ልትጠይቀው ስትል ከውስጥ ስሟ ተጠራ።

መርማሪዋ ወጣት ሳጅን ነበረች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዞር ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ የተላላጠ አረንጓዴ ቀለም። ወንበር ሰጠቻት፣ እግሯን እንድትዘረጋ ሌላ ወንበር ከፊቷ ሳበችላት። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሥራዋን ጠየቀች፤ ማዕዶት ሥራ ላይ ስትደርስ ለአፍታ ቆመችና «ነበረኝ» አለች። «እሺ» አለች ሳጅኗ ብዕሯን አዘጋጅታ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ እንደሆነው ንገሪኝ።»

ማዕዶት ፍሬን ልትል ነበር። እውነቱ ይህ ነው። አንድ ቃል፣ ከዚያ አላስታውስም፣ ከዚያ ወደ ቤት። እስከ ወንበሩ ድረስ ቃሉን አፏ ውስጥ ይዛው መጥታለች። ግን ለዚህ ታሪክ ሌላ መግቢያ በር አታውቅም።

«አሁን መኪናው ውስጥ ነኝ» አለች።

ሳጅኗ ቀና አለች። «አሁን?»

«አይ፣ ያኔ ነው። ግን እንደዚህ ነው መናገር የምችለው።»

ሳጅኗ ትንሽ አየቻት። ከዚያ «እሺ፤ እንደሚቀልሽ» አለችና ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ማዕዶት ተናገረች። መስኮቱ ተከፍቷል አለች። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ያመጣዋል። ጋሼ ስልኩን ይዟል፤ «እይው ይቺን» ብሎ ወደ እሷ ያዞረዋል፤ እሷም ታያለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ይህን፣ እሷም መሳቋን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና እንኳ ተናግራው አታውቅም ነበር። «ሁለታችንም እንስቃለን» ብላ ደገመች። ሳጅኗ ብዕሯን አኑራ ጠበቀቻት። ከመንገዱ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ ማዕዶት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ተነፈሰች፣ ቀጠለች። ቀና ስትል መጠምዘዣው መጥቷል። ጋሼ ስልኩን ይጥላል።

«ፍሬኑስ?» አለች ሳጅኗ።

«ፍሬኑ ሠርቷል። ዘግይቶ ረገጠው እንጂ ሠርቷል። ጎማው ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ አስፋልቱን ይዞ ነው የጮኸው። አባባ ኤርጫፎም ሰምተዋል፤ ይጠየቁ። እስካሁን ይሰማናል።»

ቃሏ ተነበበላት፤ ፈረመች። የሚቀላት ነገር ያለ መስሏት ነበር፤ አፑ ውስጥ ያለችው ሴት ሁልጊዜ ቀስ በቀስ ይቀልልዎታል ትላለች። የቀለላት ነገር አልነበረም። ልብሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል፣ እግሯ ይጠዘጥዛታል፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ጌዲዮን አለ። ኤርጫፎ በተራው ሊገባ ሲነሳ ጤናማ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ምን እንደተናገረች ገና አያውቅም። እሷም አልነገረችውም። የግቢው አሸዋ ላይ ምርኩዟ እየሰመጠ፣ ጥላ ከጥላ እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ወጣች።

ጌዲዮን መኪናዋ ላይ ተደግፎ ቆሟል። በሁለት እጁ ሁለት ስፕሪስ ይዟል፤ ለእሷ ማንጎ የበዛበትን፣ እንደምትወደው። የእሱ ገና አልተነካም። ሲያያት ፈገግ አለ፤ የተጨነቀ ሰው ፈገግታ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ ጋሼ።»

«እንዳልነው ነው?»

ስፕሪሱን አልተቀበለችውም። «አይ» አለች። «እንደሆነው ነው የተናገርኩት። መካኒኩን አስረውታል ጋሼ። ሚስት አለችው።»

ይጮሃል ብላ ነበር። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ጌዲዮን ግን መንገዱን ማዶ ለማዶ አየ፤ ሙዝ የጫነ ጋሪ አለፈ፤ ሁለት ተማሪዎች እየተጓተቱ አለፉ። የእሷን ስፕሪስ መኪናዋ ጣሪያ ላይ አኖረ፣ የራሱንም አጠገቡ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተላቀቀ፤ ማዕዶት ያየችው ንዴት ይሁን ድካም መለየት አልቻለችም። በመጨረሻ «መታሰሩን ሰምቻለሁ» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። «ትናንት ነው የሰማሁት። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።» ከዚያ በሩን ከፈተላት። «ግቢ።»

«በባጃጅ እመጣለሁ ጋሼ።»

«ግቢ ማዕዲ። ፀሐይ ነው፣ እግርሽ አብጧል።»

ገባች። እንደ ጠዋቱ እግሯን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባላት፣ ቀበቶዋን አሰረ። መቆለፊያውን ሁለቴ ሳተው። ስፕሪሶቹን ረስቷቸው ሲነሳ ከጣሪያው ተንከባለው መስታወቱ ላይ ፈሰሱ፤ አልቆመም፣ መጥረጊያውን ብቻ አስነሳ። ዳገቱን ሲጀምሩ በጣም ቀስ ብሎ ነዳ። ከኋላቸው መኪኖች ተደረደሩ፤ ጥሩንባ ነፉ፤ እየቀደሟቸው ሹፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው ሰደቡት። አልመለሰላቸውም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ እንደ ለማጅ። ማዕዶት የበሩን እጀታ አንቃ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን ተከፍቷል። ስልኳ ጭኗ ላይ ጮኸ። ማህደር ናት። ጮኾ ቆመ፤ ወዲያው የጌዲዮን ስልክ ጮኸ። እሱም አላነሳውም።

«ለእህትሽ እኔ ነኝ የምነግራት» አለ፣ ሴቻ ከመድረሳቸው በፊት። ጥቂት ከሄደ በኋላ ደግሞ «አንቺ ንገሪያት» አለ።

አስፋልቱን ለቀው ወደ መንደሩ ታጠፉ። አቧራው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የቆርቆሮ አጥር፣ መመለሻ የለውም። ማህደር የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ደጅ ወጥታለች። ነጠላዋን ለውጣለች፤ ከኋላዋ የሽንኩርትና የሥጋ ወጥ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። መኪናዋን ስታይ ፊቷ በራ፤ ሁለት እጇን እያወዛወዘች ኑ፣ ኑ አለቻቸው። ጌዲዮን መኪናዋን በሩ ላይ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱም ከውስጥ አልወጡም።